ሞተሩን ያስቀነስኩት እኔ ነኝ

ሥራ የጀመርኩት በስድብ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቅ አንድ ሆቴል ነበር። የሆቴሉ ባንድ አልቶ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ጎድሎት እኔ ሄድኩ። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነው። አባቴ የባቡር መካኒክ ስለነበር በባቡር ሠራተኞች ማርሽ ባንድ ሁለት ዓመት ነፍቻለሁ፤ በቃ ሙዚቀኛ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

የባንዱ መሪ መቶ አለቃ ገመቹ ይባላሉ። ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል በጡረታ የተሰናበቱ ትራምፔት ነፊ ናቸው። «ላ ንፋ» አሉኝ፤ ላ ባንድ የሚቃኝበት ድምፅ ነው። ነፋሁ። ሰዓታቸውን አዩና «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። «ሰባት ሰዓት» አልኩ። «ታዲያ ይሄ የጠዋት ላ እዚህ ምን ይሠራል? ጆሮህን እናትህ ጋ ትተኸው ነው የመጣኸው?»

አልገባኝም። ከዚያ አስረዱኝ። ድሬ ላይ ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር ሳክስፎኑ ይሞቃል፣ ድምፁም ወደ ላይ ይሸሻል። ጠዋት በትክክል የተቃኘ መሣሪያ ቀትር ላይ ውሸታም ነው። ስለዚህ ማውዝፒሱን፣ ማለት አፍ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ፣ ትንሽ ሳብ እያደረጉ በየሁለት ዘፈኑ መቃኘት ነው። «የደጋ ሙዚቀኛ አንዴ ተቃኝቶ ይገላገላል። አንተ የድሬ ልጅ ነህ፤ ዕድሜ ልክህን ስትቃኝ ትኖራለህ» አሉኝ። የዚያን ቀን አንድም ዘፈን አላስነፉኝም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ላ ስነፋ ዋልኩ።

ይህን ከሁሉ በፊት የምነግራችሁ በኋላ እንዳታዝኑልኝ ነው። የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን የተማርኩ ሰው ነኝ። የዘፋኛችን የሂንዲያ ድምፅ ሲበላሽ አላወቅሁም ልል አልችልም። አውቄ ዝም ያልኩ ነኝ። ዘንድሮ ያን ድምፅ አስተካክላለሁ ብዬ ስነሳ ከምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ጋር ተጣላሁ፣ ከከተማው ጋር ተጣላሁ። ከእሷ ጋር የሆነውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ጃዝ የምንጫወተው ሰው ሾርባውን ሲጠጣ ነበር። ይህ ቀልድ አይደለም፣ የሥራ ድልድል ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተመጋቢው ይበላል፤ እኛ ጃዝ እንነፋለን፤ ማንም አይሰማም። ማንኪያው ሲቆም አለቃ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ጭፈራው ይጀመራል። እኔ በዚያ ማንኪያ መሃል ነው ሙዚቃ የተማርኩት። አሁን በየመድረኩ «የድሬ የጃዝ ወርቃማ ዘመን» ሲሉ እሰማለሁ። የምን ወርቅ? ያኔ የነበርን ስድስት ሰዎች ነን፤ ያጨበጨበልን የለም፤ የሚያጨበጭብ ቢኖርም አስተናጋጅ ለመጥራት ነው።

ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ሂንዲያ መጣች። የመጋላ ሠፈር ልጅ ናት፤ እናቷ ሐረሪ፣ አባቷ ሶማሌ። አንድ ዘፈን በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ታዞረውና በሶማሊኛ ትዘጋዋለች፣ ማንም ግራ አይገባውም፤ ከተማው እንደዚያ ነው የሚያወራው። ድምጿ ደግሞ ወፍራም ነበር። ከደረት የሚወጣ፣ የማይቸኩል። ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማት ሰው የሃምሳ ዓመት ሴት ናት ይላል፤ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው።

አለቃ ሰው አያመሰግኑም ነበር። እሷን ከሰሙ በኋላ ትራምፔታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «እኔ ከዚህች ልጅ በላይ የምጨምረው የለኝም» አሉ። ከዚያ ዘፈኖቿን በሙሉ ፋ ላይ አሰፈሩላት። ፋ ለድምጿ ልክ ነበር። የዘፋኝ ቁልፍ እንደ ጫማ ቁጥር ነው፤ ለሌላ ሰው ስለበቃ ላንተ አይበቃህም። ይህን ያዙልኝ።

በዚያው ጊዜ ጎን ለጎን ካሴት መቅዳት ጀመርኩ። ፕሮዲዩሰር የሚል ማዕረግ አልነበረም፤ «ቀጂው» ነበር የምባለው። መጋላ ውስጥ ካሴት ቤት ያለው አቶ በቀለ የሚባል ነጋዴ አንድ ባለ ሪል ቴፕ፣ ሁለት ማይክራፎንና አንድ ማቀላቀያ ገዝቶ ለእኔ አስረከበኝ። ስቱዲዮ የለንም። የምንቀዳው የጨርቅ ነጋዴ ወንድሙ መጋዘን ውስጥ ነው። እውነት ለመናገር ከዚያ የተሻለ ስቱዲዮ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ እስከ ጣሪያ የተደረደረው ጣቃ ጨርቅ ማሚቶውን ሁሉ ይውጠዋል። ላቡ ግን ለጉድ ነው።

ለሂንዲያ የመጀመሪያ ካሴት ሁለት ወር ተለማመድን። ቀኑ ደረሰ። ባንዱ ተሰበሰበ። ልክ ልንጀምር መብራት ጠፋ። አቶ በቀለ በነጋታው ማለዳ ማስተሩን፣ ዋናውን ቅጂ ማለቴ ነው፣ ይዞ አዲስ አበባ ለማስባዛት ትኬት ቆርጧል። «ዛሬ ካልተቀዳ የለም» አለ። ጎረቤት ካለው ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር ተለመነ፤ አብዲ ከሚባል ሠራተኛው ጋር በጋሪ መጣ።

ጄኔሬተሩ ከመጋዘኑ ጀርባ ተተክሎ ተነሳ። ማይክራፎኑን ከፍቼ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ሂንዲያ የለችም፤ ያለው ዱድዱድዱድ ብቻ ነው። በር ዘጋን፣ ጣቃ ደረብን፣ አልሆነም። ወጣሁና ለአብዲ «ሞተሩን ቀንሰው» አልኩት።

አብዲ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። «ዋሪያ፣ ከቀነስኩት አምፑሉ ይደክማል» አለኝ።

«እኔ የምቀዳው አምፑል አይደለም» አልኩት።

ሳቀ፣ ቀነሰው። ድምፁ ጋብ አለ። ውስጥ አምፑሉ እንደ ኩራዝ ቀላ። ማንም ልብ አላለውም፣ እኔም አላልኩም። አሥር ዘፈን ቀዳን። ከየዘፈኑ በኋላ ሪሉን መልሼ አሰማኋቸው፤ አንድ እንከን የለውም። ሂንዲያ የራሷን ድምፅ ከማሽን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ «ወላሂ እኔው ነኝ» አለች። አለቃም «ደህና ነው» አሉ፤ እሳቸው ደህና ነው አሉ ማለት በሌላ ሰው አፍ ግሩም ነው ማለት ነው።

ስህተቱ ይኸው ነው፣ ልንገራችሁ። የዚያን ዘመን ሪል ቴፕ የሚዞረው በኤሌክትሪኩ ምት ልክ ነው። ጄኔሬተሩ ሲያዘግም ቴፑም አብሮ ያዘግማል። ባዘገመ ቴፕ የተቀዳ ድምፅ በደህና መብራት ሲጫወት ይፈጥናል፤ የፈጠነ ድምፅ ደግሞ ይቀጥናል። እኛ መጋዘኑ ውስጥ መልሰን የሰማነው በዚያው በሚያዘግመው ጄኔሬተር ስለሆነ ልክ መሰለን። ዓለም ላይ ስንት ሰው እንዲህ ያለ ስህተት ሊሠራ እንደሚችል አላውቅም፤ መብራት የማይጠፋበት አገር ያለ ቀጂ አይሠራውም። አብዲ ግን ነግሮኝ ነበር። በአምፑል ቋንቋ ነገረኝ፣ እኔ ደግሞ ቀለድኩበት።

ካሴቱ ተባዝቶ መጣ። አቶ በቀለ ሱቁ በር ላይ ድምፅ ማጉያ አውጥቶ ሲያጫውተው ከሩቅ ሰማሁ። ሕፃን ልጅ የምትዘፍን ነው የመሰለኝ። ቀረብኩ፤ የእኛው ባንድ ነው። ሳክሱ የኔው ነው፤ ግን እንደ ዋሽንት ቀጥኗል። ሮጬ ቤት ሄጄ ሳክስፎኔን አመጣሁና ሱቁ ጓዳ ገብቼ አብሬ ነፋሁ። እኛ ፋ ላይ የተጫወትነው ሶል ላይ ወጥቷል። አንድ ሙሉ ድምፅ። ያኔውኑ የአብዲ አምፑል ታየኝ።

ለአቶ በቀለ ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሞተሩን፣ አምፑሉን፣ ሪሉን። አዳመጠኝ አዳመጠኝና «ሰው እየገዛ ነው ወይስ አይደለም?» አለኝ።

«እየገዛ ነው።»

«እየጨፈረ ነው ወይስ አይደለም?»

«እየጨፈረ ነው።»

«በቃ ፈጠን ማለቱ በጅቷል። አፍህን ዝጋ። የሚቀጥለውንም የምትቀዳው አንተ ነህ።»

«ሂንዲያስ?»

«እሷን እኔ አናግራታለሁ» አለ። አላናገራትም። እንደማያናግራትም አውቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሂንዲያ ሆቴሉ ጓሮ መጣችብኝ። ካሴቱን በእጇ ይዛለች። «ተኬ» አለችኝ፣ ስሜ ተካልኝ ነው፣ «ይሄ እኔ ነኝ?» አለችኝ። መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሞተሩን ያስቀነስኩት እኔ ነኝ፣ ድምፅሽ ደህና ነው። በቃ። እኔ ግን «ማይክራፎን ድምፅ ያቀጥናል፣ የሁሉም ሰው እንዲህ ነው» አልኳት። «ያን ቀን ስሰማው እንዲህ አልነበረም እኮ» አለች። «ደስ ብሎሽ ስለነበር ነው» አልኳት። አመነችኝ። ለምን አታምነኝ? ባለሙያው እኔ ነኝ።

አሁንም ይህን ስጽፍ በራሴ እናደዳለሁ። በአቶ በቀለ ብናደድ ይቀለኝ ነበር። እሱ ነጋዴ ነው፤ ሸማም ሸጠ ድምፅም ሸጠ ለሱ አንድ ነው። እኔ ግን ላ ስነፋ የዋልኩ ሰው ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይባስ። ካሴቱ ከተማውን ያዘው። ሰው ለሂንዲያ «ጫጩቷ» የሚል ስም አወጣላት። ካሴቷን ገዝቶ ሊሰማት ሆቴል የሚመጣው ሰው በዛ። እሷ መድረክ ላይ ወጥታ በዚያ በወፍራም ድምጿ ስትጀምር ከየጠረጴዛው ጉምጉምታ ይነሳል። አንዱ ቆሞ «ይቺ አይደለችም፣ ጫጩቷን አምጡልን» አለ። ሰዎች ሳቁ። እሷ እስከ መጨረሻው ዘፍና ወረደች።

በማግስቱ «ዘፈኖቹን ሶል ላይ አድርግልኝ» አለችኝ። ካሴቱን ልትመስል ነው። የነፊዎቹን ኖታ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ጻፍኩላት። ይህንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ። አለቃ በልምምድ ላይ ኖታውን አይተው «ይሄን ማን ከፍ አደረገው?» አሉ። «እሷ ናት ያለችው» አልኩ። አለቃ ወደ እሷ ዞረው «ልጄ፣ ፋ ነው ያንቺ» አሏት። «ሰው ጫጩቷን ነው የሚፈልገው፣ አለቃ» አለች። እኔን አዩኝ። ወለሉን አየሁ።

ስድስት ወር አልሞላም። አንድ የሳቢያን ሠፈር ሠርግ ላይ፣ ቀን ነው፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምጿ ተሰነጠቀ። ለመግፋት ሞከረች፤ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ሐኪሙ ጉሮሮሽ ቆስሏል፣ ዝም በይ አላት። ከቁስሉ ስትድን መናገሩ ተመለሰላት፤ ዘፈን ግን ተወች። «ድሮም የኔ ድምፅ ማይክራፎን አይወደውም» ትል ነበር ለጠየቃት ሁሉ። የእኔን ውሸት የራሷ አድርጋ ስትናገረው ስንት ጊዜ አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራዬ ለሌላው ሰው ታሪክ ነው፤ ለኔ ግን ዳር ዳሩን መዞር ነው። አለቃ ሞቱ፣ ባንዱ ተበተነ። ሌሎች ብዙ ካሴቶች ቀዳሁ፤ አንዱንም ያለ መብራት አልቀዳሁም። ካሴት በሲዲ ተተካ፣ ሲዲው ደግሞ በፍላሽ ተበላ፤ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ የሃያ ዓመት ሥራዬን በአንድ ፍላሽ ጭኖ የሚሸጥ ልጅ «አባባ፣ የድሮም አለ፣ ልጫንልህ?» አለኝ። ከዚያ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ወሰደኝ። በየቀኑ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሙዚቃ ፕሮግራም ሰጡኝ። ድሬ ላይ ስምንት ሰዓት ማለት በርጫው፣ ማለት የጫት ጨዋታው፣ የደራበት፣ ከሙቀቱ የተነሳ ማንም ውጭ የማይገኝበት ሰዓት ነው። ጃዝ አጫውታለሁ። አድማጭ ይደውልና «ጋሽ ተካልኝ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ይለኛል። አሥራ አራት ዓመት ይህንን ጥያቄ መለስኩ።

ሂንዲያ ታይዋን ውስጥ የጨርቅ መደብ አላት። ልጆች አሳድጋ ድራለች። ሰላም እንባባላለን፤ ለባለቤቴ የድሪያ ቀሚስ ጨርቅ የምገዛው ከእሷ ነው። ሬዲዮዋ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ባለፈሁ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ያንን የሚያስተኛ ነገርህን አጫወትክ» ትለኛለች። ልነግራት አስቤ የሄድኩበት ቀን ብዙ ነው። ሁልጊዜ ሜትር ጨርቅ ገዝቼ እመለሳለሁ።

ዘንድሮ ጣቢያው የድሬን የድሮ ዘፈኖች ሰብስቦ ኢንተርኔት ላይ ሊለቅ ተነሳ። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፣ ሄኖክ ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ጆሮ የለውም እንጂ። ዝርዝሩን አነበበልን፤ አንደኛ ላይ ያለው የሂንዲያ ካሴት ነው። «ጫጩቷ» ብሎ ነው ያነበበው፣ ስሟን እንኳ አላነበበም። አንዴ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በቃ፤ የልጅ ልጆቿም የሚያውቋት በዚያ ነው።

ዋናው ሪል እኔ ቤት ነበር። አቶ በቀለ ሱቁን ሲዘጋ ከቆሻሻ ጋር ሊጥለው ሲል ወስጄው ነው። ሰላም የምትባል የድምፅ ቴክኒሻን አለች፤ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት። ሪሉን ወደ ኮምፒውተር ገለበጠችልኝ። ሳክስፎኔን ይዤ ማይኩ ፊት ቆምኩ። «ፋ እየነፋሁ እቆማለሁ፤ አንቺ ፍጥነቱን ዝቅ ዝቅ አድርጊው። ከኔ ጋር ሲገጥም አቁሚ» አልኳት። ነፋሁ። ዘፈኑ ከላይ ሆኖ ከኔ ጋር ይጣላ ነበር፤ ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደና ገጠመ። ሰላም እጇን ከቁልፉ አነሳች።

ሂንዲያ ነበረች። ያቺ ሂንዲያ፣ የሃያ አንድ ዓመቷ፣ ያ ከደረት የሚወጣው ድምፅ። በየስንኙ መሃል ትንፋሿን ስትስብ ይሰማል፤ ካሴቱ ላይ ያ ትንፋሽ አልነበረም፣ ፍጥነቱ ውጦት ነበር። «ጋሼ፣ ይቺ ማን ናት?» አለችኝ ሰላም። አለቀስኩ ብላችሁ ይቀለኝ ነበር። አላለቀስኩም። ተናደድኩ። ይህን ለማስተካከል የፈጀብን ግማሽ ሰዓት ነው።

ለሄኖክ ወስጄ አሰማሁት። እስከ መጨረሻው እንኳ አልሰማውም። «ጋሽ ተካልኝ፣ ይሄ ተጎተተ» አለኝ።

«አልተጎተተም። ልኩ ይሄ ነው። እኔ ነኝ የቀዳሁት።»

«ሊሆን ይችላል። ግን ሰው የሚያውቀው ያንን ነው። የሰው ትዝታ አናበላሽም።»

«የሰው ትዝታ? የሷስ ድምፅ?»

«ባለቤቲቱ ቅሬታ አቅርበዋል እንዴ?» አለኝ።

አላቀረበችም። እንዴት ታቅርብ? ደብቄባት። ያን ጊዜ በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ንጋት በራሱ ይጠራል፤ እውነት ግን አፍ የሚከፍትለት ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ሠላሳ ምናምን ዓመት አፌን ዘግቼ ነበር።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፕሮግራሜን ከፍቼ የዕለቱን ዝርዝር ወደ ጎን ገፋሁት። ማይኩ ላይ እንዲህ አልኩ፤ «ጫጩቷ የምትሏት ሴት ጫጩት አልነበረችም። ስሟ ሂንዲያ ነው። ካሴቷ የተቀዳው በጄኔሬተር ነው፤ ጄኔሬተሩን ያስቀነስኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ የተነሳ ድምጿ ቀጥኖ ወጣ። አውቄ ዝም ብያለሁ። አሁን የራሷን ድምፅ ስሙ።» ሰላም ለቀቀችው።

ስልኩ አላረፈም። የመጀመሪያው ደዋይ «ተኬ አቦ፣ ምን ሆንክብን? ምርቃናችንን አጠፋኸው፣ ፈጠን አድርገው» አለኝ። ሁለተኛው «ባትሪያችሁ አልቋል እንዴ?» አለ። ሦስተኛው ዘፈኑን ሆን ብዬ እንዳበላሸሁት ነገረኝ፤ የእናቱ መታሰቢያ ነውና ካሳ ይከፈለኝ አለ። በማይኩ ፊት ስድብ ሊያመልጠኝ ሲል ሰላም ከመስታወቱ ወዲያ እጇን አወዛወዘች። መጨረሻ ላይ አንዲት ከገንደ ቆሬ የደወሉ አሮጊት «እኔ ሠርግ ላይ የዘፈነችው ይቺ ናት፤ የካሴቷ ሌላ ሴት ነበር የምትመስለኝ» አሉና ዘጉ። ከዚያ ሁሉ ሰው የሰሟት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሄኖክ ቢሮው ጠራኝ። እንደሚያባርረኝ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ስልኩ በመደወሉ ደስ ብሎታል። «ጋሼ፣ ሰው ተነጋገረበት። እሳቸውን ይዘውልኝ ይምጡ። ቃለ መጠይቅ እናድርግላቸው፣ ከዚያ ሁለቱንም እንለቃለን፤ ሕዝቡ ይምረጥ» አለኝ። የሷን ድምፅ ሕዝቡ ይምረጥ። ባጃጅ ይዤ ታይዋን ወረድኩ።

ሂንዲያ መደቧ ላይ ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለካች ነበር። ሬዲዮው ጠፍቷል። ጠፍቶ አይቼው አላውቅም። ቆምኩ። ለክታ፣ ቆርጣ፣ አጥፋ፣ ደንበኛዋን እስክትሸኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ሰማሽ?» አልኳት።

«ሰማሁ።»

«ሂንዲያ፣ እኔ...»

«ማይክራፎኑ ነው አልከኝ።»

«አዎ።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ካሴቱ የመጣ ቀን።»

መቀሷን አስቀመጠች። «ከኔ በፊት ማን ያውቅ ነበር?»

«አቶ በቀለ።»

«ለነጋዴው ነገርከው። እሺ። ከሱ ቀጥሎ ለማን ነገርክ?»

ለቴክኒሻኗ፣ ለሥራ አስኪያጁ፣ ከዚያ ለድሬ በሙሉ።

«እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት» አለችኝ። «ይሄ ሁሉ ሻጭ እያየኝ። ጎረቤቴ 'አንቺን ነው እኮ' ስትለኝ ነው የገባኝ። ለድሬ ሕዝብ የተናዘዝክ ጊዜ እኔ እንደማንኛውም አድማጭ ነበርኩ። እዚህ ስንቴ መጣህ? ስንት ሜትር ድሪያ ገዛኸኝ?»

«ይቅር በይኝ» አልኳት። ጣቷ ላይ የተጠቀለለውን ክር መፍታት ጀመረች። የሄኖክን መልእክት ነገርኳት፤ ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው።

«ቃለ መጠይቅ የለኝም» አለች። «ለሥራ አስኪያጅህ ንገረው፤ ድምፁ የኔ ነው፣ ፈቃዱም የኔ ነው። የዛሬውን ያውጣ። ያኛውን ካወጣ ፍርድ ቤት እንገናኛለን። ስሜን ደግሞ ሙሉ ይጻፍ።»

«እነግረዋለሁ።»

«ያኔ ብትነግረኝ ፋ ላይ እቆይ ነበር፣ ተካልኝ» አለችኝ። ተኬ አላለችኝም። ቀጥላ «አሁን ሂድ፤ ገበያ አለብኝ» አለችና ከኋላዬ ለቆመችው ሴት «ምን ልስጥሽ እህቴ?» አለቻት።

ሄድኩ። ሄኖክ እያጉረመረመም ቢሆን የዘገየውን ብቻ ለቀቀ፤ ስሟ ሙሉ ተጽፏል። እኔ በዚያው ወር ሥራ ለቀቅኩ። ወደ መደቧ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጇ ናት ያስተናገደችኝ።

ስቱዲዮ ላላችሁ፣ ማይክ ለያዛችሁ ልጆች ያለኝ ይህ ብቻ ነው። የሰው ድምፅ ካበላሻችሁ መጀመሪያ የምትነግሩት ለባለ ድምፁ ነው። እኔ ለሁሉም ሰው ነግሬ ለሷ ሳልነግራት ቀረሁ።